ለመዝገብ የሚውለው ሰዓት የማን ነው?

እንግሊዝ አገር ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት በምክትል ኃላፊነት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ከሠራተኞች ጋር ደጋግሞ ያነጋገረኝ ጉዳይ ደመወዝ ወይም የዓመት ፈቃድ ሳይሆን የሕፃናቱ የትምህርት መዝገብ ነው። መዝገብ ስል ስም የሚጠራበትን ማለቴ አይደለም፤ አንድ ሕፃን በምን እንደተጫወተ፣ ምን እንደተናገረ፣ ባለፈው ወር ያቃተውን ነገር ዛሬ እንዴት እንደተወጣው የሚገልጹ አጫጭር ምልከታዎች፣ ፎቶዎችና የዕድገት ምዘናዎች የሚከማቹበትን ማኅደር ማለቴ ነው። ድሮ ፎቶ እየታተመ በወፍራም ደብተር ላይ ይለጠፍ ነበር፤ አሁን ሥራው በአብዛኛው ወደ ታብሌት ተዛውሯል፣ ወላጆችም በስልካቸው ይከታተሉታል። እዚህ ላነሳ የፈለግሁት መዝገቡ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን ሙግት አይደለም። የሚጠቅም ከሆነ የሚጻፈው በማን ሰዓት ነው የሚለውን ነው፤ ይህን ጥያቄ የመመለስ ግዴታ ያለበት ደግሞ የምትጽፈው ተንከባካቢ ሳትሆን የሥራ መርሐ ግብሩን የሚያወጣው ኃላፊ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን በቁም ነገር እንድይዘው ያደረገኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያየሁት ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያሉት ሕፃናት ወዳሉበት ክፍል ስገባ አንዲት ባልደረባዬ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ በታብሌት ትጽፋለች። አጠገቧ የአሥራ ስድስት ወር ልጅ አንድ እግር ጫማ ይዞ ቆሟል፤ ጫማውን ወደ እሷ ይዘረጋል፣ «እ! እ!» ይላል፣ ጉልበቷን ይነካል፣ እንደገና ይዘረጋል። እሷም ቀና ሳትል «አንዴ ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» ትለዋለች። ማታ የዕለቱን መዝገብ ሳነብ ስትጽፍ የነበረው ስለዚያው ልጅ መሆኑን አየሁ፤ ርዕሱም «ተግባቦትና ቋንቋ» ነበር። ይህችን ሴት በስንፍና የሚጠረጥራት ሰው የለም፤ ቀኑን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ የምትውል ናት። የቸኮለችው በዚያ ሳምንት ሁለት ምልከታ ስለጎደላት ነበር፤ ሁለት ምልከታ ይጎድላታል ብሎ በቀይ ቀለም ያመለከተው ሰንጠረዥ ደግሞ የእኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት የምንጽፍበትን ጊዜ እንድንቆጥር ተስማማን። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈን ማንም ሰው ለመዝገብ ሲቀመጥና ሲነሣ ሰዓቱን እንዲጽፍ አደረግን፤ ስሙን መጻፍ ግን አልጠየቅንም፣ ምክንያቱም የፈለግነው ሥራውን ለማወቅ እንጂ ሠራተኛውን ለመያዝ አልነበረም። የሚያስገርመው ፎቶ ማንሳቱ ጊዜ የማይወስድ መሆኑ ነው። ጊዜ የሚበላው ከፎቶው በኋላ ያለው ነው፤ ከተነሡት ውስጥ አንዱን መምረጥ፣ የሌላ ሰው ልጅ ፊት ከታየ ቆርጦ ማውጣት፣ የሆነውን መጻፍ፣ ከረጅም ዝርዝር ውስጥ ተስማሚ የዕድገት መግለጫዎችን ፈልጎ ምልክት ማድረግ፣ «ቀጣይ እርምጃ» በሚለው ቦታ አንድ ነገር መሙላት፣ ከዚያም የክፍሉ ኃላፊ አይታ እስክታጸድቀው መጠበቅና ቃል ሲስተካከል እንደገና መመለስ። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ምልከታ በእኛ ዘንድ ወደ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይወስድ ነበር።

አሥራ ሁለት ደቂቃ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን አንዲት ተንከባካቢ ስምንት ልጆች ቢኖሯትና ለእያንዳንዳቸው በሳምንት ሁለት ምልከታ እንድትጽፍ ብትጠየቅ 192 ደቂቃ፣ ማለትም ከ3 ሰዓት በላይ ይሆናል። እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ ያላስተዋልኩት ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቹ ልጆች የሚመጡት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ስምንት ቢሆኑም በአንዲት ተንከባካቢ ስም የተመዘገቡት አሥራ አራት ሊሆኑ ይችላሉ። የሠራተኛ ቁጥር የሚሰላው በቦታ ነው፣ መዝገብ የሚቆጠረው ግን በስም ነው። በአሥራ አራት ስም ስናሰላው ያው ሥራ 336 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ተኩል ያህል ሆነ፤ ይህንንም የሚያህል ሰዓት በማንም የሥራ መርሐ ግብር ላይ አልነበረም።

ለምን እንዳልነበረ ለመረዳት የአገሩን ደንብ ማየት ያስፈልጋል። እንግሊዝ ውስጥ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ቢያንስ ለሦስት ልጅ አንድ ሠራተኛ መኖር አለበት፤ ለሁለት ዓመት ልጆች ቀድሞ ለአራት ልጅ አንድ የነበረው ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ለአምስት ልጅ አንድ እንዲሆን ተፈቅዷል፤ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት እንደ ተቋሙ ዓይነትና እንደ ሠራተኛው የትምህርት ደረጃ የሚለያይ ቢሆንም በተለመደው ለስምንት ልጅ አንድ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአብዛኛው መዋዕለ ሕፃናት የሰው ኃይል በዚህ ቁጥር ጠርዝ ላይ የተሠራ ስለሆነ አንዲት ሠራተኛ ለግማሽ ሰዓት ከክፍል ብትወጣ ሌላ ሰው ካልተተካ ደንቡ ይፈርሳል። እዚያው ክፍል ውስጥ ሆና ብትጽፍ ግን ማንም ምንም አይልም። በወረቀት ላይ ሦስት ልጅ የምትጠብቅ ሠራተኛ አለች፤ በተግባር ግን ዓይኗም ሐሳቧም ታብሌቱ ውስጥ ነው። ደንቡ ተከበረ፣ ልጁ ግን ጫማውን ይዞ ቆመ።

ከክፍል ውጭ ደግሞ ማታ አለ። ምልከታ የምናስገባበት የታብሌት መተግበሪያ እያንዳንዱ ምልከታ የገባበትን ሰዓት ያሳያል፤ ለዓመታት በፊቴ የነበረውን ይህን መረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ያነበብኩት በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አንዴም በሕመም ፈቃድ ላይ ካለች ሠራተኛ። ከዚያ ቀደም በአንድ ስብሰባ ላይ በወሩ ብዙ ምልከታ ያስገባችውን በስሟ ጠርቼ አመስግኛት ነበር፤ ያ ምስጋና ምን እንደሆነ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። በቤቷ ያለ ክፍያ ስለሠራች ነበር ያመሰገንኳት፤ የቀሩትንም እንደዚያው አድርጉ ብያቸዋለሁ ማለት ነው።

ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚህ ዘርፍ የብዙ ሠራተኛ ክፍያ ከሕጋዊው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እምብዛም አይርቅም። በትክክል ያን ዝቅተኛ ክፍያ የምታገኝ ሠራተኛ በሳምንት ሦስት ሰዓት በቤቷ ብትጽፍ ደመወዟ በሠራችበት ሰዓት ሁሉ ሲካፈል ከሕጉ በታች ይወርዳል፤ «በፈቃዷ ነው የሠራችው» የሚለውም ለአሠሪው መከላከያ አይሆነውም። በሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ መምህራን ከ2005 ጀምሮ ከማስተማሪያ ሰዓታቸው ቢያንስ 10 በመቶው ለዝግጅት፣ ለዕቅድና ለምዘና የተጠበቀላቸው ነው። በግል መዋዕለ ሕፃናት የምትሠራዋ ተንከባካቢ ይህን የሚሰጣት ሕግ የላትም። የእኛ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ40 ሰዓት ሳምንት 8 በመቶ ነው፤ መምህሩ በመብት የሚያገኘውን የሚያህል ጊዜ እሷ ከእራቷና ከእንቅልፏ ላይ ቀንሳ ትከፍል ነበር ማለት ነው።

እዚህ እንዴት እንደደረስን ሳስብ በደንቡ ብቻ ማሳበብ አልችልም። በ2006 የወጣውን የሕፃናት እንክብካቤ ሕግ ተከትሎ አስገዳጁ የመጀመሪያ ዓመታት ማዕቀፍ በሴፕቴምበር 2008 ሥራ ላይ ሲውል ሕፃናት በአምስት ዓመታቸው ገደማ ሊደርሱባቸው የሚጠበቁ 69 ግቦች ነበሩት። ማዕቀፉን እንዲገመግሙ በመንግሥት የተመደቡት ክሌር ቲክል በ2011 ያቀረቡትን ሪፖርት ተከትሎ በ2012 ግቦቹ ወደ 17 ወረዱ። በዚያው ዓመት የወጣው «ደቨሎፕመንት ማተርስ» የተባለው መምሪያ ግን የልጆችን ዕድገት «ከ16 እስከ 26 ወር»፣ «ከ22 እስከ 36 ወር»፣ «ከ30 እስከ 50 ወር» እያለ እርስ በርስ በሚደራረቡ የዕድሜ ክልሎች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ሥር በርካታ መግለጫዎችን ደረደረ። መምሪያው ራሱ መግለጫዎቹ ምልክት እየተደረገባቸው የሚታለፉ ዝርዝሮች እንዳልሆኑ በግልጽ ያስጠነቅቅ ነበር። እኛ ግን ያንኑ አደረግናቸው። በየክልሉ ውስጥ «ጀማሪ»፣ «በመዳበር ላይ»፣ «የጸና» የሚሉ ንዑስ ደረጃዎች ጨምረን ልጁን በሰንጠረዥ ሳጥን ውስጥ አስገባነው፤ ሳጥኑ እንዳይጦም ደግሞ ምልከታ መቀለብ ነበረበት።

በሴፕቴምበር 2021 በመላው እንግሊዝ ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው ማዕቀፍ ይህንን ለማስቆም የታሰበ ነበር። ምዘና ሠራተኛውን ለረጅም ጊዜ ከልጆቹ እንዳይነጥል፣ ከመጠን ያለፈ የጽሑፍ ሥራ እንዳይጠይቅ፣ የልጁን ደረጃ ለመወሰንም ሠራተኛዋ ስለ ልጁ ባላት ዕውቀትና በሙያ ፍርዷ እንድትተማመን፣ ማስረጃ እያጠራቀመች እንድታረጋግጥ መጠየቅ እንደሌለባት ይናገራል። አዲሱ «ደቨሎፕመንት ማተርስ»ም የዕድሜ ክልሎቹን ወደ ሦስት ሰፋፊ ደረጃዎች ሰብስቧቸዋል። የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ኦፍስቴድም በተወሰነ ቅርጽ የተዘጋጀ ወይም በብዛት የተከማቸ የምዘና ሰነድ እንደማይጠይቅ አሳውቋል። በጽሑፍ ግዴታ የሆነው የልጁ የዕድገት መዝገብ በእውነቱ ጥቂት ነው፤ ልጁ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ለወላጆቹ የሚሰጠው አጭር የዕድገት ማጠቃለያ አለ፤ የመጀመሪያው የትምህርት ቤት ዓመት ሲያልቅ በ17ቱ ግቦች የሚደረገው ምዘና ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው።

ታዲያ ለምን ቀጠልን? በእኔ ግምት ትልቁ ምክንያት ፍርሃት ነው። ተቆጣጣሪ ድንገት ቢመጣ የምናሳየው ነገር ይኑረን የሚል ፍርሃት ከደንቡ በኋላም ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ደንብ በአንድ ቀን ይለወጣል፣ በአንድ ወቅት በተቆጣጣሪ የተገሠጸ ኃላፊ ግን ተግሣጹን ወደ ቀጣዩ መሥሪያ ቤት ይዞት ይሄዳል። መተግበሪያውም የራሱ ድርሻ አለው፤ የልጅ ስም አጠገብ ቀይ ምልክት ሲታይ አረንጓዴ ለማድረግ የማይቸኩል ሰው አላየሁም።

ሰነድ ማዘጋጀትን በጠቅላላው የሚንቁ ሰዎችም አሉ፤ ከእነሱ ጋር አልስማማም። በሰሜን ጣሊያን በሬጂዮ ኤሚሊያ ከተማ ሎሪስ ማላጉዚ የመሩት የመዋዕለ ሕፃናት ሥራ በዓለም የታወቀው የልጆችን ሐሳብ በፎቶ፣ በንግግራቸው ቅጂና በሥዕላቸው በጥንቃቄ በመሰነዱ ነው። በኒው ዚላንድም ማርጋሬት ካር ያስፋፉት «የመማር ታሪክ» የሚባለው አሠራር ልጁ ያልቻለውን ከመቁጠር ይልቅ ያደረገውን እንደ ትረካ ይጽፋል። ሁለቱንም አደንቃለሁ። ነገር ግን ቅርጻቸውን ስንዋስ ያልተዋስነው ነገር አለ። በሬጂዮ አንድን ክፍል ሁለት መምህራን በአጋርነት ይይዙታል፤ ከልጆች ውጭ ለመነጋገርና ሰነድ ለማዘጋጀት የተመደበም ሳምንታዊ ሰዓት አላቸው። ሰነዱ የሚያምረው ሰዓት ስለተሰጠው ነው። እኛ ውበቱን በግድግዳችን ላይ ለጥፈን ሰዓቱን ረሳነው።

የወሰድነው የመጀመሪያ እርምጃ ፍጥነትን የሚመለከት አልነበረም። ብዙ ኃላፊዎች የጊዜ እጥረት ሲነሳ ለሠራተኛው «በአጭሩ ጻፊ» ይላሉ፤ እኔም ብያለሁ። ይህ ግን ሸክሙን ሳያወርዱ ተሸካሚውን ፍጠን እንደማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የማይጻፈውን ወሰንን። ሳምንታዊውን የምልከታ ኮታ አስቀረን። የዕድገት መግለጫዎችን ምልክት ማድረግም ቀረ፤ በምትኩ በዓመት ሦስት ጊዜ ተንከባካቢዋ ከእኔ ወይም ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ቁጭ ብላ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ትናገራለች፣ የተነገረውን ሌላዋ በግማሽ ገጽ ትጽፈዋለች። ማጽደቅ የሚባለውም ለአዲስ ሠራተኞች ብቻ እንዲቆይ አደረግን። የማይነካውንም በግልጽ ለይተን አሳወቅን፤ የአደጋና የመድኃኒት መዝገብ፣ የአለርጂ መረጃ፣ የልጅ ደኅንነት ሥጋት ማስታወሻ በዚያው ቀን፣ በሙሉ ጥንቃቄ ይጻፋሉ። በእነዚህ ላይ ደቂቃ አይቆጠርም። ሁሉንም «ወረቀት» ብለን በአንድ ስም ስንጠራቸው ግዴታ የሆነውና ልማድ የሆነው ይደባለቃሉ፤ የደከመች ሠራተኛም ከሁለቱ የትኛውን እንደምትዘል አይታወቅም።

ብዙ ጊዜ ወስዶ መጻፍ የሚያስፈልግባቸው ልጆችም አሉ። አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ንግግሩ አሳስቦን የንግግር ሕክምና ባለሙያ እንድታየው ስንጠይቅ ባለሙያዋ በመጀመሪያ የጠየቀችን ስንት ቃላት አያይዞ እንደሚናገር፣ የማያውቀው ሰው ከሚናገረው ምን ያህሉን እንደሚረዳ፣ ሳይገባው ሲቀር ምን እንደሚያደርግ ነበር። በማኅደሩ ውስጥ ከዘጠና በላይ ምልከታዎች ነበሩ። አሸዋ ሲቆፍር፣ ቀለም ሲቀባ፣ በጓደኛው ልደት ሲያጨበጭብ ይታያል፤ ለአንዱም ጥያቄ ግን መልስ አልነበረውም። ከዚያ ተንከባካቢዋ ለአሥር ቀን በየዕለቱ ለሩብ ሰዓት ያህል ከልጁ አጠገብ ሆና እሱ ያለውን ቃል በቃል እንድትጽፍ ሰዓት መደብንላት። «ውሃ የለ።» «እማ መኪና ሄደ።» ያ አንድ ገጽ ተኩል ከዘጠናው ምልከታ በላይ ሠርቷል። የልዩ ፍላጎት ድጋፍ አሠራር መገምገም፣ ማቀድ፣ መሥራት፣ መልሶ ማየት እያለ የሚዞር ዑደት ስለሆነ እንዲህ ያለውን ትክክለኛ ጽሑፍ ይጠይቃል፤ ለሁሉም ልጅ እኩል ቁጥር ስንጽፍ የምናጣውም ለእነዚህ የሚያስፈልገውን ሰዓት ነው። ለሁሉም እኩል መጻፍ ፍትሕ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን አይመስለኝም።

ሁለተኛው እርምጃ ለተረፈው ጽሑፍ ሰዓት መስጠት ነበር፤ ይህ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ክርክሩም ከባድ ነበር። ባለቤቶቹ መጀመሪያ ያቀረቡት ሐሳብ ልጆች በሚተኙበት ሰዓት ይጻፍ የሚል ነበር። የተኛ ሕፃን ግን በየጥቂት ደቂቃው መታየት አለበት፣ የሠራተኛ ቁጥርም በእንቅልፍ ሰዓት አይቀንስም፤ ደግሞም የማይተኛው አንድ ልጅ ሁልጊዜ አለ። በመጨረሻ የተስማማነው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ከክፍል ውጭ፣ በሥራ ሰዓት፣ በክፍያ እንዲሰጥ ነው። በእነዚህ ሰዓታት እኔና ኃላፊዋ በየተራ ክፍል ገብተን እንተካለን። ጥቅሙ እንዳሰብኩት አልነበረም፣ ከዚያ በላይ ነበር፤ ዳይፐር እየቀየርኩና ሾርባ እያደረስኩ ሳለሁ የጠየቅኩት ወረቀት ከምን መሃል እንደሚጻፍ በእጄ አወቅሁት። ከሥራ ሰዓት ውጭ የመዝገብ መግቢያውን መዝጋትም ተነሥቶ ነበር፤ አደረግነው፣ አንዳንዶች ቅር ቢሰኙም። የግል ስልክና የቤት ኮምፒውተር መጠቀም አብሮ መቆሙ ለልጆቹ መረጃ ጥበቃም የሚበጅ ነበር።

ስለ አጻጻፉ ጥቂት ልበል። ብዙዎቻችን እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን አይደለም፤ ለእኔም አይደለም። ለአንዷ በስድስት ደቂቃ የሚያልቀው ጽሑፍ ለሌላዋ ሃያ ደቂቃ እንደሚፈጅ የሁለት ሳምንቱ ቆጠራ አሳይቶናል፣ ይህም ሃያ ደቂቃ የሚፈጅባት ስለ ልጆቹ ያላት ዕውቀት ስላነሰ አልነበረም። ሰዋስው እንዳትሳሳት ስትፈራ የምትጽፈው ዓረፍተ ነገር ከመምሪያው የተቀዳ ይሆናል፦ «ሕፃኗ የጥቃቅን ጡንቻ ቅንጅቷን በማዳበር ላይ ናት።» ይህችኑ ሴት በቃል ስትጠይቋት ግን «ዚፑን ራሷ ያዘች፣ ሦስት ጊዜ አመለጣት፣ በአራተኛው ጎትታ ዘጋችውና ዞራ አየችኝ» ትላለች። ሁለተኛው ለወላጅም፣ ለትምህርት ቤትም፣ ለእኛም የሚጠቅም ነው፤ ለመናገርም ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። አሁን የሚሹ ሰዎች በድምፅ ቀድተው ታብሌቱ ወደ ጽሑፍ እንዲቀይርላቸው ያደርጋሉ፤ ስሕተት ያለበት ግን የታየ ነገር የያዘ ጽሑፍ እንደምንመርጥም በግልጽ ተናግረናል። ከጥቂት ቃላት ተነሥተው ሙሉ ምልከታ በራሳቸው የሚጽፉ መሣሪያዎችም እየመጡ ነው። በእነሱ ላይ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው፤ ማንም ሳያስብበት ሊጻፍ የሚችል ምልከታ ሳይጻፍ ቢቀር ማንም አይጎዳም።

ከወላጆች የተቃወሙ ነበሩ። ፎቶው ሲቀንስ አንዲት እናት ልጇ ችላ የተባለች መስሏት ቢሮ ድረስ መጣች። እኔም በር ላይ ልጅ ሲወሰድ የሚደረገው የሁለት ደቂቃ ጭውውት ከፎቶ እንደሚሻል በሙሉ እምነት አስረዳኋት፣ እሷም ተቀበለችው። አንድ አባት ግን የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠሩ በር ላይ የሚመጡት አያት ነበሩ፤ «ልጄ ቀኑን እንዴት እንደዋለ የማውቀው በዚያች ፎቶ ብቻ ነበር» አሉኝ። ለእሳቸው የምሰጠው ማብራሪያ አልነበረኝም። አሁን ምዝገባ ላይ ወላጆችን ስለ ልጃቸው ውሎ በምን መንገድ መስማት እንደሚሹ እንጠይቃለን፤ አብዛኛው በር ላይ ይበቃናል ይላል፣ ለቀሩት ሁለትና ሦስት ቤተሰቦች ደግሞ በሳምንት አንድ ፎቶና አንድ መስመር እንልካለን።

አሁንም ያልፈታሁት ነገር አለ። የተመደበው ሰዓት በመርሐ ግብሩ ላይ ቢኖርም አንድ ሰው በታመመ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው፤ በክረምት ጉንፋን ሲበዛ በተከታታይ ለአምስት ሳምንታት ያላገኙ ሠራተኞች ነበሩ። ስለዚህ ቢሮዬ በር ላይ ሌላ ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ በዚህኛው ላይ ስም አለበት። የተሰረዘ እያንዳንዱ ሰዓት ከሠራተኛዋ ስም ፊት እንደ ዕዳ ይጻፋል፣ ሲከፈል ይሰረዛል። ዛሬ ጠዋት ሳየው በጠቅላላው የአሥራ አንድ ሰዓት ዕዳ አለብን፤ ከዚህም ውስጥ አራት ሰዓት ተኩሉ ያን ቀን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ ያገኘኋት ባልደረባዬ ነው።